ከ20 እስከ 70 ሜትር፦ በጎንደር አካባቢ ቀስትን በረጅም ርቀት ለመለማመድ የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

በ20 ሜትር ላይ ስድስቱንም ፍላጻ በአንድ ሰፌድ ስፋት ውስጥ መሰካት የቻለ ቀስተኛ ብዙውን ጊዜ የሚቀረው ነገር ጥቂት ይመስለዋል። ያው ሰው በዚያው ቀስትና በዚያው ፍላጻ ወደ 50 ሜትር ሲርቅ ግን ሁለቱ ዒላማውን አልፈው አፈር ውስጥ ይገባሉ፣ አንዱ ከዒላማው ፊት ለፊት ሣር ውስጥ ይሰወራል፣ የቀሩትም ላይና ታች ተበታትነው ይገኛሉ። እኔ ይህን ያየሁት ከጎንደር ወደ ደምቢያ በሚወስደው አቅጣጫ ጤፍ ታጭዶ በተነሣበት ማሳ ላይ ሲሆን፣ የመጀመሪያ ሐሳቤም ቀስቱ ለዚህ ርቀት አቅም የለውም የሚል ነበር። ቀስቱ ምንም ችግር አልነበረበትም። በ20 ሜትር ላይ ተሸፍኖ የኖረው የራሴ ስህተት በ50 ሜትር ላይ ወጥቶ ታየኝ እንጂ።

ይህ መመሪያ የተጻፈው መሠረታዊውን አያያዝ ለሚያውቁ፣ በቅርብ ርቀት ለተለማመዱና አሁን ወደ ሩቅ ለመሄድ ለሚፈልጉ ሰዎች ነው። በዕለት ተዕለት ንግግራችን «ቀስት» የሚለው ቃል ለመወርወሪያውም ለሚወረወረውም ስለሚውል፣ እዚህ ላይ ቀስት የምለው የሚገተረውን መሣሪያ፣ ፍላጻ የምለው የሚሄደውን ዘንግ፣ አውታር የምለው የሚሳበውን ክር፣ ክንፍ የምለው ደግሞ ከእጀታው በላይና በታች የሚተጣጠፉትን ሁለት ክፍሎች ነው። አቅጣጫን በተመለከተ የምሰጠው ማብራሪያ በቀኝ እጃቸው ለሚስቡ ነው፤ በግራ የሚስቡ ሰዎች ቀኝና ግራውን ገልብጠው ይረዱት።

ርቀቱ ሲጨምር ምን ይለወጣል?

ወደ ሜዳ ከመውጣትዎ በፊት ይህን ክፍል በጥሞና እንዲያነቡት እለምናለሁ፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁሉ የተገነባው በእርሱ ላይ ነው።

የጎን ስህተት ከርቀቱ ጋር በእኩል መጠን ያድጋል። ፍላጻው ከትክክለኛው መስመር 1 ዲግሪ ብቻ ቢያፈነግጥ፣ በ20 ሜትር ላይ 35 ሴንቲሜትር፣ በ40 ሜትር ላይ 70 ሴንቲሜትር፣ በ70 ሜትር ላይ ደግሞ 122 ሴንቲሜትር ይስታል። በኦሊምፒክ ውድድር በ70 ሜትር ላይ የሚቀመጠው ዒላማ ከዳር እስከ ዳር ያለው ስፋት 122 ሴንቲሜትር ነው፤ 10 ነጥብ የሚያሰጠው የመሐሉ ክበብ ደግሞ 12.2 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ በዚያ ርቀት መሐሉን የሚመታ ሰው የሚፈቀድለት ማፈንገጥ ወደ ግራም ሆነ ወደ ቀኝ ከአንድ ዲግሪ ሃያኛ እጅ የሚበልጥ አይደለም።

ከፍላጻው ፍጥነት መለዋወጥ የሚመጣው የላይና የታች ስህተት የሚያድገው ግን ከዚህ በፈጠነ መንገድ ነው፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ስህተቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰከንድ 45 ሜትር የሚጓዝ ፍላጻ 20 ሜትር ለመድረስ ግማሽ ሰከንድ እንኳ አይፈጅበትም፤ በዚህም ጊዜ ውስጥ ከተነሣበት ቀጥታ መስመር ወደ 1 ሜትር ያህል ይወርዳል። 50 ሜትር ለመድረስ ግን ከ1 ሰከንድ ጥቂት የበለጠ ይወስድበታል፤ የሚወርደውም 6 ሜትር ገደማ ይሆናል። እንግዲህ አውታሩን ከመልቀቅዎ በፊት የሳቡት እጅ ጥቂት ቢላላና በዚህ ምክንያት የፍላጻው ፍጥነት በሰከንድ 1 ሜትር ቢቀንስ፣ በ20 ሜትር ላይ የሚያዩት ልዩነት 4 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ አያስተውሉትም። በ50 ሜትር ላይ ያው መላላት 28 ሴንቲሜትር ገደማ ዝቅ ያደርግዎታል።

በሩቅ የሚደረግ ልምምድ ለቅርብ ርቀትም የሚጠቅመው በዚህ ምክንያት ነው። እኔ ወደ 60 ሜትር የምሄደው በዚያ ርቀት መሐሉን እመታለሁ ብዬ ሳይሆን፣ በ20 ሜትር ላይ ከእኔ የተደበቀውን ለማየት ነው፤ ካየሁት በኋላ ተመልሼ በቅርብ አስተካክለዋለሁ። በዚህ መንገድ ሲሠራ የሩቁ ልምምድ ተስፋ የሚያስቆርጥ መሆኑ ይቀርና የሚናፈቅ ይሆናል።

ቦታ መምረጥ

ጎንደር የተቆረቆረችው በተራሮች መካከል ስለሆነ በከተማዋ ውስጥና ዙሪያ ለጥ ያለ 70 ሜትር ማግኘት ያስቸግራል። የፋሲል ግቢ ሣር ሰፊና ምቹ መስሎ ዓይን ቢስብም፣ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበና ጎብኚ የማይጠፋበት ስፍራ ነውና ከቶ አይታሰብም። በአዘዞ በኩል ያለው ሜዳማ መሬትም አውሮፕላን ማረፊያው ስላለበት ከዚያ መራቅ ይገባል። የሚሻለው ወደ ደምቢያ ወርዶ፣ እህል ከተነሣ በኋላ ከባለማሳው ፈቃድ ጠይቆ መለማመድ፣ ወይም በከተማዋ ዳርቻ ከጀርባው ጠንካራ የአፈር ዳገት ያለበትን ባዶ ቦታ መፈለግ ነው። ተራራማ መሆናችን እዚህ ላይ ይጠቅመናል፤ ከዒላማው ጀርባ ቀጥ ብሎ የሚነሣ አራት ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍታ ያለው የአፈር ዳገት ያመለጠውን ፍላጻ ሁሉ ይቀበላል። ድንጋያማ ዳገት ግን ፍላጻውን ይሰብራል፣ አንዳንዴም ወደ ጎን ያነጥረዋልና አይምረጡት።

ቀስት ተሸክሞ የሚመላለስ ሰው የአካባቢውን ነዋሪ ሊያሳስብ ይችላል። ስለዚህ ከመጀመርዎ በፊት ለቀበሌው ጽሕፈት ቤትና ለጎረቤት ገበሬዎች ምን ሊሠሩ እንደሆነ፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደሚመጡ ይንገሩ። ቦታውን ሲመርጡም በዒላማውና በዳገቱ በኩል አቋራጭ መንገድ አለመኖሩን፣ እረኞችና ከብቶች የሚያልፉበት አለመሆኑን ቢያንስ አንድ ሙሉ ጠዋት ተቀምጠው ይመልከቱ። ይህን የምለው ከደረሰብኝ ተነሥቼ ነው። አንድ ማለዳ ቀስቱን ሙሉ በሙሉ ገትሬ ሳለሁ ከዳገቱ ጫፍ አንዲት ጥጃ ብቅ አለች፤ ከኋላዋም ሕፃን እረኛ እየሮጠ መጣ። አውታሩን ቀስ አድርጌ መለስኩት፣ ሆኖም እጄ ለረጅም ጊዜ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ከዳገቱ በላይ ሰው ሳላቆም በረጅም ርቀት አንድም ፍላጻ ለቅቄ አላውቅም።

መጠነኛ ቀስት እንኳ ጫፉ ወደ ሰማይ ከተነሣ ፍላጻውን ከ150 ሜትር በላይ ሊወስደው እንደሚችል አይርሱ። ስለዚህ አውታሩን በሚስቡበት ጊዜ የፍላጻው ጫፍ ከዳገቱ በላይ መነሣት የለበትም፤ ቢያመልጥዎ እንኳ ከአፈሩ ውስጥ እንዲገባ ይሁን። ሁሉም ሰው ከመወርወሪያው መስመር በስተኋላ ይቁም፣ ፍላጻ ለማምጣትም ሁሉም ቀስቱን አስቀምጦ በአንድነት ይሂድ።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙዎች ይዘነጉታል። ፍላጻው የሚሄደው ዓይንዎ በሚያየው ቀጥታ መስመር አይደለም። በ50 ሜትር ርቀት መንገዱ መሐል ላይ ሲደርስ ከዕይታዎ መስመር አንድ ሜትር ተኩል ያህል፣ በ70 ሜትር ደግሞ ሦስት ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ዒላማው ፍንትው ብሎ እየታየዎት ፍላጻው መንገድ ላይ ካለ የባሕር ዛፍ ወይም የግራር ቅርንጫፍ ጋር የሚጋጨው ለዚህ ነው፤ መሐሉ ላይ ያለው አየር ጭምር ክፍት መሆኑን ያረጋግጡ።

መሣሪያና ዒላማ

ከ24 እስከ 28 ፓውንድ የሚስብ ቀስት ለ40 ሜትር ይበቃል። ለ70 ሜትር ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ ከ34 ፓውንድ ያላነሰ ያስፈልጋል፤ ከዚያ ያነሰውም ይደርሳል፣ ነገር ግን ፍላጻው እጅግ ከፍ ብሎ መነሣት ስለሚኖርበት ማነጣጠሩ ያስቸግራል። በቀስቱ ላይ የተጻፈው ክብደት አውታሩ እስከ 28 ኢንች ሲሳብ ያለው ስለሆነ፣ ክንድዎ አጭር ከሆነ በእጅዎ የሚሰማዎት ከተጻፈው ያነሰ ነው። ሩቅ ለመድረስ ሲሉ አቅምዎ የማይችለውን ቀስት አይግዙ። ከአሥረኛው ፍላጻ በኋላ ትከሻው የሚንቀጠቀጥ ሰው ምንም ዓይነት ርቀት አይጠቅመውም።

ፍላጻዎቹ እርስ በርሳቸው በርዝመት፣ በክብደትና በጥንካሬ አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው። በ20 ሜትር የማይታይ የጥቂት ግራም ልዩነት በ60 ሜትር ራሱን የቻለ ሌላ ስብስብ ይፈጥራል። በእያንዳንዱ ፍላጻ ላይ በማይለቅ ቀለም ቁጥር ይጻፉ፤ ጥቅሙን በኋላ እናየዋለን። የካርቦን ፍላጻ ከሆነ ከእያንዳንዱ ውርወራ በፊት በቀስታ ጎበጥ አድርገው ያድምጡት። የተሰነጠቀ ካርቦን በሚለቀቅበት ጊዜ ተሰባብሮ ቀስት የያዘውን እጅ ሊወጋ ይችላልና «ክር» የሚል ድምፅ ከሰሙ ያስወግዱት። ላባው ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ሮዝ ቢሆን በደረቀ ሣር ውስጥ በቀላሉ ይታያል። የደምቢያ ዋልካ መሬት በበጋ ስለሚሰነጠቅ ፍላጻ ከስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ሊሰወር ይችላል፤ የከብት እግር እንዳይወጋ ቆጥረው ሳያሟሉ ሜዳውን አይልቁ።

ለአውታሩ ለጧፍ የሚውለው ንጹሕ የንብ ሰም ይበቃዋል። በጣት እየቀቡ ሙቀት እስኪሰማ ድረስ ማሸት እንጂ ሌላ ነገር አያስፈልግም።

ዒላማውን በቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል። ሁለት ወይም ሦስት ማዳበሪያ ወስደው ባረጀ ጨርቅና በተጨማደደ የፕላስቲክ መጠቅለያ እየረገጡ በጥብቅ ይሙሉ፤ አዝራርና ዚፕ ያለበትን ልብስ አስቀድመው ቆርጠው ያውጡ፣ ፍላጻ ያበላሻልና። አፉን ሰፍተው፣ ማዳበሪያዎቹን ጎን ለጎን አስረው በእንጨት መደገፊያ ላይ ያቁሙ። ጭድ ብቻ የተሞላ ማዳበሪያ በቅርብ ከተለቀቀ ፍላጻ በቀላሉ ይበሳል፤ ጭድን የሚጠቀም ሰው እጅግ አጥብቆ ማሰር ይኖርበታል። ፊቱ ላይ በካርቶን የተቆረጡ ክበቦችን ይለጥፉ።

ፍላጻ ሲነቅሉ አንድ እጅዎን በዒላማው ላይ ተጭነው፣ በሌላው ከሥሩ ይዘው በቀጥታ ይሳቡ፤ ከጀርባዎ ማንም እንዳይቆም ይጠንቀቁ፣ የሚነቀለው ፍላጻ ጭራ ዓይን ሊያጠፋ ይችላልና።

አቋምና አለቃቀቅ

በቅርብ ርቀት የለመዱት አቋም እንዳለ ይቀጥላል። እግሮች በትከሻ ስፋት ተከፍተው ጎን ለዒላማው ይሰጣል፣ አመልካች ጣት ከአገጭ በታች ያርፋል፣ አውታሩ የአፍንጫን ጫፍና ከንፈርን ይነካል። በረጅም ርቀት የሚለወጠው ፍላጻው ከፍ ብሎ የሚነሣበት መንገድ ነው። ብዙ ሰው ቀስት የያዘውን ክንድ ብቻ ወደ ላይ ያነሣል። በዚህ ጊዜ ትከሻው ወደ ጆሮ ይጠጋል፣ የሚሳበው ርዝመት ያጥራል፣ ከላይ ያየነው መላላትም ይመጣል። ትክክለኛው አሠራር በመጀመሪያ ክንዶችንና ትከሻን በአግድም መስመር አስተካክሎ፣ ከዚያ ከወገብ በላይ ያለውን አካል በሙሉ እንደ አንድ ዕቃ ወደ ኋላ ማዘንበል ነው። የፊት እግር ወገብ ጥቂት ወደ ዒላማው ይወጣል፣ በክንድና በደረት መካከል ያለው ቅርጽ ግን አይለወጥም። ይህን በመስታወት ፊት ያለ ፍላጻ፣ በላስቲክ እየሳቡ ለአንድ ሳምንት ይለማመዱት። ፍላጻ የሌለበትን የቀስት አውታር ስበው መልቀቅ ግን ክንፎቹን ስለሚሰብር ፈጽሞ አያድርጉ።

በጠመንጃ አልሞ መተኮስ የለመደ ሰው፣ በእኛ አካባቢ ደግሞ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም፣ አንድ ልማድ ይዞ ይመጣል። ቃታው እስኪሳብ ድረስ ትንፋሹን ይዞ፣ ረጅም ጊዜ ያነጣጥራል። ጠመንጃው ራሱን ችሎ ስለሚጠብቀው ይህ ለጠመንጃ ተገቢ ነው። ቀስት ግን በሙሉ ኃይል ተገትሮ የሚቆየው በእርስዎ ጡንቻ ነውና ከአምስት ሰከንድ በላይ ከያዙት ሳይታወቅዎ ወደ ፊት እየሰረቀ ይሄዳል። በሦስት ወይም በአራት ሰከንድ ውስጥ ካልተመቸዎት አውታሩን መልሰው፣ ዐርፈው እንደገና ይጀምሩ።

ሲለቁ ጣቶችን መክፈት ሳይሆን ማላላት ያስፈልጋል፤ አውታሩ ራሱ ጣቶቹን ገፍቶ ይወጣል። የጀርባ ጡንቻ መሳቡን ስለማያቋርጥ እጁ በአገጭ ሥር ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ቀስት የያዘው ክንድ ደግሞ ፍላጻው እስኪሰካ ድረስ ከቦታው አይንቀሳቀስ። በ20 ሜትር ይህ ቅጽበት ነው፤ በ60 ሜትር ግን ከአንድ ሰከንድ በላይ ነው፣ ክንዱን አውርዶ ለማየት ያለው ጉጉትም ብርቱ ነው። ጉጉቱን የሚያሸንፍ ሰው ከሌላው ምክር ሁሉ ይልቅ በዚህ ብቻ ብዙ ያተርፋል።

ርቀቱን በደረጃ መጨመር

ርቀቱን በግንበኛ ሜትር ይለኩ። በእርምጃ የተለካ 50 ሜትር ሌላ ቀን 46 ሆኖ ይገኛል፤ ከላይ እንዳየነው አራት ሜትር በሩቅ ብዙ ነው። በየ10 ሜትሩ ትንሽ ችካል ይትከሉ።

ከአንዱ ርቀት ወደ ሌላው ለማለፍ እኔ የምጠቀምበት መለኪያ ቀላል ነው። የርቀቱን ሜትር በአንድ ተኩል ያባዙት፤ የሚያገኙት ቁጥር ስድስቱም ፍላጻ ሊያርፉበት የሚገባው ክበብ ስፋት በሴንቲሜትር ነው። ለ20 ሜትር 30፣ ለ30 ሜትር 45፣ ለ40 ሜትር 60፣ ለ50 ሜትር 75፣ ለ70 ሜትር 105 ሴንቲሜትር ይሆናል። ክበቡ በዒላማው መሐል ላይ መሆን የለበትም፤ የትም ይሁን፣ ስድስቱ ተሰብስበው መገኘታቸው ይበቃል። በሁለት የተለያዩ ቀናት፣ በእያንዳንዱ ቀን ሦስት ጊዜ በተከታታይ ካሟሉት 10 ሜትር ይጨምሩ። ካልተሳካ እዚያው ይቆዩ።

አንድ የልምምድ ጠዋት ይህን ይመስላል። በመጀመሪያ ከ5 ሜትር ላይ፣ ባዶ ማዳበሪያ ፊት ቆመው 12 ፍላጻ ዓይንዎን ጨፍነው ይልቀቁ፤ በዚህ ጊዜ የሚያዳምጡት ጀርባዎንና ጣቶችዎን ብቻ ነው። ቀጥለው በ20 ሜትር 12 ይልቀቁና ስብስቡን ይመልከቱ። ከዚያ ለዚያ ቀን ወደ ያዙት ርቀት ሄደው ከ24 እስከ 36 ፍላጻ ይወርውሩ። ከዚያ በኋላ፣ ሳይደክሙ፣ 10 ሜትር አልፈው ስድስት ፍላጻ ብቻ ይሞክሩ፤ ይህ ለደስታም ለማየትም ነው፣ ውጤቱ አይመዘገብም። በመጨረሻ ወደ 20 ሜትር ተመልሰው 12 ይልቀቁ፤ ከሩቅ የመጣ ዓይን ዒላማውን እጅግ ትልቅ ሆኖ ስለሚያየው ጠዋቱ በመልካም ስሜት ይፈጸማል። በዓለም አቀፍ ውድድር በ70 ሜትር የሚወረወረው 72 ፍላጻ ሲሆን፣ በስድስት በስድስት ሲወረወር 12 ጊዜ መመላለስ፣ ማለትም ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ መራመድ ይጠይቃል። በዚህ ከፍታ ይህ ቀላል ድካም አይደለምና ወደዚያ ቁጥር የሚደርሱት በወራት ውስጥ ይሁን።

ማነጣጠር

በቀስትዎ ላይ ማነጣጠሪያ ካለ ሕጉ አጭር ነው፤ ማነጣጠሪያውን ፍላጻው ወደ ሄደበት አቅጣጫ ያንቀሳቅሱት። ፍላጻዎቹ ከፍ ካሉ ማነጣጠሪያውን ወደ ላይ፣ ወደ ግራ ከሄዱ ወደ ግራ ይውሰዱት። ለእያንዳንዱ ርቀት ያገኙትን ምልክት በደብተር ይጻፉ። በአንድ ፍላጻ ተመርተው ግን አያንቀሳቅሱ፤ ስድስቱን ጨርሰው የስብስቡን መሐል ይመልከቱ። ሌላ አገር የተዘጋጀ ሰንጠረዥም ለእኛ በቀጥታ አይሠራም። የጎንደር ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትርን ስለሚያልፍ፣ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ የሳሳ አየር ፍላጻውን አነስ አድርጎ ስለሚገታው በሩቅ ጥቂት ከፍ ብሎ ይመታል።

ማነጣጠሪያ የሌለው ቀስት ያለው ሰው የራሱን «የጫፍ ርቀት» ይፈልግ። ከ30 ሜትር ጀምረው የፍላጻውን ጫፍ በዒላማው መሐል ላይ አሳርፈው ይልቀቁ፤ ብዙውን ጊዜ ከመሐሉ በላይ ይመታል። አምስት አምስት ሜትር ወደ ኋላ እየራቁ ሲደግሙት፣ ፍላጻው ልክ መሐሉን የሚመታበት ርቀት ይመጣል። ያን ርቀት በችካል ያስምሩት። ከእርሱ ሲቀርቡ ጫፉን ከመሐሉ በታች፣ ሲርቁ ከመሐሉ በላይ ያደርጋሉ፤ ምን ያህል እንደሆነም በ10 ሜትር ልዩነት እየለኩ ይጽፋሉ።

ዳገት ወይም ቁልቁል ሲወረውሩ የሚቆጠረው በመሬቱ ላይ የለኩት ርቀት ሳይሆን አግድም ርቀቱ ነው። በ20 ዲግሪ ተዳፋት ላይ በሜትር የተለካ 60 ሜትር አግድም 56 ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ ሽቅብም ሆነ ቁልቁል ለ56 ሜትር በሚሆነው ምልክት ያነጣጥሩ። ወደ ቁልቁል ሲወረውሩም ከወገብ ማዘንበልን አይርሱ።

የተበተነውን ማንበብ

ከዚህ በላይ የማከብረው የልምምዱ ክፍል የለም። ፍላጻዎቹን ከመንቀልዎ በፊት ሁለት ደቂቃ ቆመው ይመልከቱ፣ ያረፉበትን በደብተር በነጥብ ይሳሉ፣ ቁጥራቸውንም ይጻፉ።

በጎን ጠባብ ሆነው ላይና ታች ረዝመው ከተሰለፉ፣ ነገሩ የፍጥነት ነው። የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ሙሉ በሙሉ ሳይሳብ መለቀቁ ነው። ይህን ለማወቅ ጓደኛዎ በጎን ቆሞ የፍላጻው ጫፍ ከቀስቱ አንጻር ወደ ፊት ሲንሸራተት ያይ እንደሆነ ይከታተል፤ በስልክ ቪዲዮ መቅረጽም ይቻላል። ሁለተኛው የአገጭ ነገር ነው፤ አንድ ጊዜ ጥርስን ነክሶ፣ ሌላ ጊዜ አፍን ከፈት አድርጎ የሚስብ ሰው የአውታሩን መነሻ ከፍና ዝቅ ያደርገዋል። ሦስተኛው ድካም ነው፤ ዝቅ ያሉት ሁሉ ከሠላሳኛው ፍላጻ በኋላ የመጡ መሆናቸውን ከደብተርዎ ካዩ፣ መድኃኒቱ ለዚያ ቀን ማቆም ነው።

ቁመታቸው ተስተካክሎ ወደ ጎን ከተዘረጉ ደግሞ እጅን መመርመር ያስፈልጋል። የሚለቀው እጅ ከፊት ተነጥሎ ወደ ውጭ ሲወረወር፣ ወይም እጀታው በጥብቅ ተጨብጦ ሲጠመዘዝ ፍላጻው ወደ ግራ ይሄዳል። ሁሉም በአንድነት ተሰብስበው በየጊዜው ወደ ግራ ከሄዱ ግን ዘንጉ ለቀስትዎ ከመጠን በላይ ደረቅ፣ ወደ ቀኝ ከሄዱ ከመጠን በላይ ለስላሳ ሊሆን ይችላል።

በጎንደር መሬት ላይ ልዩ ትኩረት የሚያሻው የቀስቱ ማዘንበል ነው። ተዳፋት ላይ ጎን ለጎን የቆመ ሰው ዓይኑ መሬቱን ስለሚከተል ቀስቱን ሳያውቀው ያዘነብላል። ማዘንበሉ 3 ዲግሪ ብቻ ቢሆን፣ ከላይ በጠቀስኩት ፍጥነት፣ በ20 ሜትር 5 ሴንቲሜትር፣ በ50 ሜትር ግን 32 ሴንቲሜትር ገደማ ወደ አዘነበለበት ጎን ይወስዳል። እኔ ይህን ያረምኩት ከግንበኛ በተዋስኩት ቱንቢ ነው። ቱንቢውን ከዒላማው ጎን በእንጨት ላይ ሰቅዬ፣ ጓደኛዬ ከኋላዬ ቆሞ የቀስቴን የላይኛ ክንፍ ከክሩ ጋር እያስተያየ «ወደ ቀኝ፣ ጥቂት ወደ ቀኝ» ይለኝ ነበር። ቀጥ ብሎ የተያዘው ቀስት ለእኔ የተጣመመ ሆኖ ይሰማኝ ነበር፤ ስሜቱ እስኪለወጥ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል።

በመጨረሻም ቁጥሮቹን ይመልከቱ። ከተለያዩ ስድስት ውርወራዎች በሦስቱ 4 ቁጥር ብቻዋን ተነጥላ ከተገኘች ስህተቱ የእርስዎ አይደለም፤ ላባዋን፣ ጫፏንና አውታር የሚነክሰውን ስንጥቋን መርምረው ካልተገኘ ለቅርብ ርቀት ያስቀሯት።

ንፋስ

ለረጅም ርቀት የሚመቸው ጊዜ ማለዳ ነው፤ ከ12:30 እስከ 3 ሰዓት ድረስ አየሩ የረጋ ስለሆነ የሚያዩት ስህተት የራስዎ መሆኑን ያውቃሉ። ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ሲነሣ መለማመድም ይጠቅማል፣ ነገር ግን ከአቋምዎ ጋር ካልተግባቡ በፊት አይደለም። ጥቂት የጤፍ ጭድ ከትከሻ ከፍታ ጣል አድርገው ይመልከቱ፤ ዒላማው አጠገብም ቀጭን ጨርቅ ይሰቅሉ፤ እርስዎ ያሉበትና ዒላማው ያለበት ንፋስ አንድ ላይሆን ይችላልና። ማነጣጠሪያውን ከመነካካት ይልቅ ንፋሱ ወደሚመጣበት ጎን ጥቂት አሳልፎ ማነጣጠር ይሻላል።

የባንዲራ ጨዋታ

ከሁሉ የበለጠ ደስታ ያገኘሁት በዚህ ነው። ከ40 ሜትር በላይ የለመዱ ሰዎች ተሰብስበው ሜዳው ላይ ትንሽ ባንዲራ ይተክላሉ፣ እያንዳንዱም ስድስት ፍላጻ ወደ እርሱ ይለቃል። በዓለም አቀፍ ደንቡ ርቀቱ ለወንዶች 165፣ ለሴቶች 125 ሜትር ሲሆን፣ ለእኛ 80 ወይም 100 ሜትር ለመጀመሪያ ይበቃል። 7.5 ሜትር ርዝመት ያለው ገመድ ወስደው በየ1.5 ሜትሩ ይቋጥሩ። አንዱን ጫፍ ከባንዲራው ሥር አስረው ሲያዞሩት፣ ከመሐል ወደ ዳር 5፣ 4፣ 3፣ 2 እና 1 ነጥብ የሚያሰጡ አምስት ቀለበቶች ይወጣሉ። ኮሪያውያን በባህላዊ ቀስታቸው 145 ሜትር ላይ የቆመ ሰሌዳ ይመታሉ፤ የጥንት ግብፃውያንም ከእኛ በስተ ሰሜን ምዕራብ ያለውን የኑብያን ምድር «ታ ሴቲ»፣ የቀስት ምድር፣ ይሉት ነበር። ፍላጻው ከሰማይ ጠርዝ ጎንበስ ብሎ ባንዲራው አጠገብ ሲወርድ ያየ ሰው ይህ ጨዋታ ስለምን በብዙ አገር እንደሚወደድ ይገባዋል።

ለዚህ ጨዋታ የሚያስፈልገው ሜዳ እስከ ዳር የሚታይ፣ ከሰውና ከከብት የጸዳና ቢያንስ 250 ሜትር ርዝመት ያለው መሆን አለበት፤ በሁለቱም ጎን ቀይ ጨርቅ የያዘ ጠባቂ ይቁም፣ ጨርቁ ከተነሣ ማንም አይልቀቅ። እንዲህ ያለ ስፍራ ካልተገኘ ጨዋታው ይቅር።

ክረምት ሲገባ

ከጥምቀት ማግሥት እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ለሩቅ ልምምድ የተመቸ ነው። ሰኔ ሲገባ ማሳው ይታረሳል፣ መሬቱም ይጨቀያል። በክረምት ወራት በበረንዳ ላይ በ5 ሜትር ዓይንን ጨፍኖ መልቀቅና በላስቲክ መሳብ ይቀጥላል። ቀስቱ አውታሩ ወልቆ፣ ከግድግዳ እርጥበት ርቆ በአግድም ይቀመጥ፤ የላባው ሙጫ መልቀቅ አለመልቀቁም በየሳምንቱ ይታይ። እህል ተነሥቶ ወደ ሜዳ ሲመለሱ አውታሩ ረዝሞ ወይም የእርስዎ አሳሳብ ተለውጦ ሊሆን ስለሚችል፣ ያለፈውን ዓመት ምልክቶች ወደ ጎን አድርገው ከ20 ሜትር ጀምሮ በአዲስ ገጽ ይጻፉ።